ከሎስ አንጀለስ ሃዋይ ደርሶ መልስ በመርከብ፦ የባሕሩን ቀንና የወደቡን ቀን እንዴት እንያዘው?

ከሎስ አንጀለስ፣ ከሳን ዲዬጎ ወይም ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ሃዋይን ዞሮ የሚመለስ ክሩዝ አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 16 ቀን ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ መሬት የሚረገጠው አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው፤ አራቱ በሃዋይ ደሴቶች፣ አንዱ በሜክሲኮዋ ኤንሴናዳ። ቀሪው ጊዜ ዙሪያውን ውኃ ነው። ከሎስ አንጀለስ ሆኖሉሉ 2,200 የባሕር ማይል ገደማ ስለሚርቅ፣ በሰዓት 19 የባሕር ማይል የምትጓዝ መርከብ ወደ አምስት ቀን ትፈልጋለች። ብዙ ሰው ዕቅዱን ሁሉ ለደሴቶቹ ያደርግና የባሕሩን ቀን "እንደሁኔታው እናያለን" ብሎ ይተወዋል። የባሕሩን ቀን በሥርዓት ያልያዘ ሰው ግን የሃዋይ ወደብ የሆነችው ሂሎ የሚደርሰው ደክሞ፣ ሰዓቱ ተዛብቶበትና የት እንደሚሄድ ሳይወስን ነው።

መጀመሪያ ወረቀት

መርከቧ ኤንሴናዳ የምትቆመው ለጉብኝት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በሌላ አገር ባንዲራ የምትጓዝ መርከብ ከአሜሪካ ተነስታ ወደ አሜሪካ ስትመለስ በመሃል የውጭ አገር ወደብ እንድትነካ ያስገድዳል። ስለዚህ ከመርከብ ባትወርዱም እንኳ በሕግ ዓይን ከአሜሪካ ወጥታችሁ ተመልሳችኋል ማለት ነው።

የአሜሪካ ዜጋ በእንዲህ ዓይነቱ ደርሶ መልስ ጉዞ የልደት ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይዞ መሄድ ይፈቀድለታል። ፓስፖርት መያዝ ግን ይሻላል፤ ኤንሴናዳ ላይ ታማችሁ ወይም መርከብ አምልጧችሁ በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግ ያለ ፓስፖርት ትቸገራላችሁ። ግሪን ካርድ ያላችሁ ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁን ያዙ። ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ያላለፈበት የአሜሪካ ቪዛ ላለው ሰው ተጨማሪ ቪዛ አትጠይቅም። በጎብኚ ቪዛ የመጡ እናት አባቶቻችሁን የምትወስዱ ከሆነ ቪዛቸው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ፓስፖርታቸውን ገልጣችሁ እዩ።

ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ግን ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ቲኬት አትቁረጡ። አድቫንስ ፓሮል የሚባለው ፈቃድ ሳይኖር ከአገር መውጣት ማመልከቻችሁን እንደተዋችሁት ሊያስቆጥር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ የምትባለው መርከብ የአሜሪካ ባንዲራ ስለምትይዝ ከሆኖሉሉ ተነስታ ሰባት ቀን በሃዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ ትዞራለች፤ የውጭ ወደብ አትነካም።

ሻንጣው ውስጥ የሚገባና የማይገባ

የሐኪም መድኃኒት ለጉዞው ቀናት የሚበቃውን ላይ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ጨምራችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ። ትልቁ ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም። በባሕሩ መሃል ፋርማሲ የለም፣ ሄሊኮፕተርም አይደርስም፤ የመርከቧ ክሊኒክ አጣዳፊውን ያክማል፣ ሂሳቡ ግን በካቢናችሁ ላይ ይመዘገባል። ሜዲኬር ይህን በአብዛኛው ስለማይሸፍን የሕክምና የጉዞ ኢንሹራንስ፣ በተለይ በአደጋ ጊዜ ማጓጓዣን የሚጨምረውን፣ መግዛት ለአዛውንቶች ግዴታ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣንና ከሰል መርከብ ላይ ክልክል ናቸው። ስለዚህ ጀበና ይዞ ገብቶ ካቢን ውስጥ ቡና ማፍላት አይታሰብም፤ ፍተሻው ላይ ይወሰዳል፣ ቢያልፍ እንኳ ጭስ ጠቋሚው ይጮኻል። በባሕር ላይ ከእሳት የሚከፋ አደጋ ስለሌለ በዚህ ድርድር የለም። ቤት የተዘጋጀ ምግብም በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ቆሎ ከፈለጋችሁ ከሱቅ የታሸገውን ግዙ።

ልብስ በሁለት ዓይነት የአየር ጠባይ አስቡት። ከካሊፎርኒያ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጃኬት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሙቀት ነው፣ ተራራ ላይ ስትወጡ ደግሞ ብርድ። ለእራት ግብዣው ምሽት ሱፍ መግዛት አያስፈልግም፤ የሐበሻ ቀሚስና የወንድ የአገር ልብስ ለዚያ ምሽት ከበቂ በላይ ነው።

የባሕር ቀናት

የባሕር ሕመም የሚይዛችሁ ከሆነ ካቢን ስትመርጡ ከመርከቧ መሃል፣ ከታችኛው ፎቅ ይሁን። ከፊትና ከኋላ ያለው፣ ከላይኛው ፎቅ ያለውም፣ ይበልጥ ይናወጣል። የባሕር ሕመም መድኃኒት የሆነው ሜክሊዚን 25 ሚሊግራም ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ ሰዎች የሚሳሳቱት ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ መዋጣቸው ነው። መርከቧ ከመነሳቷ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውሰዱት። እንቅልፍ ያመጣል። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ይጠይቅ። ከያዛችሁ ደግሞ ካቢን ውስጥ ተኝቶ ስልክ ማየት ያባብሳል፤ ደጅ ወጥታችሁ አድማሱን እዩ፣ ደረቅ ብስኩትና ዝንጅብል ቅመሱ፤ ባዶ ሆድ አይረዳም። ከሁለቱ መንገዶች መመለሻው ይብሳል፤ ከሰሜን ምሥራቅ ዘወትር የሚነፍሰውን ነፋስ ፊት ለፊት እየገጠማችሁ ስለምትመጡ። መድኃኒቱን በመሄጃው አትጨርሱት።

በረንዳ ያለው ካቢን ከያዛችሁ አንድ ነገር ለልጆቻችሁ አስተምሩ። የበረንዳው በር ተከፍቶ ሳለ የኮሪደሩ በር ከተከፈተ ነፋሱ ካቢኑን አቋርጦ ያልፋል፤ ከባዱ የኮሪደር በር ከእጅ ያመልጥና በኃይል ይዘጋል። ጣት የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው፤ በተለይ ሰው መቃኑን ይዞ ከውጭ ካለ ጋር ሲነጋገር። ደንቡ ቀላል ነው፦ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት፣ በሩም በእጀታው እንጂ በጠርዙ አይያዝ።

እጅ በሳሙናና በውኃ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ከጄል ይበልጣል። መርከብ ላይ የሚዛመተው፣ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስ በአልኮል ጄል እምብዛም አይሞትም። ቡፌው ላይ ማንኪያውን ከያዛችሁ በኋላ፣ መብላት ከመጀመራችሁ በፊት፣ መታጠብ ልማድ ይሁን።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ለኩባንያው ቲኬት ስትቆርጡ፣ ቢዘገይ ከመነሳታችሁ አንድ ወር በፊት፣ በጽሑፍ አሳውቁ። "የኦርቶዶክስ ጾም" ብትሉ ወጥ ቤቱ ላያውቀው ይችላል፤ "ቪጋን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የሌለበት" በሉ። መርከብ ላይ ስትደርሱ በመጀመሪያው ቀን ወደ ምግብ አዳራሹ ኃላፊ ሄዳችሁ ድገሙት፤ በየምሽቱ የነገውን ዝርዝር እያመጣ እንዲያስመርጣችሁ ጠይቁ። ትልቁ ችግር ቡፌው ነው። አትክልት ያለ ቅቤ የተሠራ ይመስላል፣ ሾርባው የዶሮ መረቅ ይኖረዋል። እየጠየቃችሁ ውሰዱ። ሐላል የምትፈልጉም እንዲሁ ቀድማችሁ ማሳወቅ አለባችሁ።

ቀኑን ለመሙላት መጨነቅ አያስፈልግም፤ መርከቧ በየሰዓቱ ዝግጅት አላት። የምንመክረው ሁለት ነገር ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይጨናነቅ ደክ (የመርከቧ የውጭ ወለል) ላይ ተራመዱ፤ ከአሥራ አምስት ቀን ምግብ በኋላ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ሁለተኛው፣ ከመድረሳችሁ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ለእያንዳንዱ ወደብ አንድ ገጽ ጻፉ፦ የምትሄዱበት ቦታ፣ መጓጓዣው፣ የመመለሻ ሰዓት፣ ዝናብ ከመጣ ምን እንደምታደርጉ። የስልክ ካርታውን ግን ከቤት ሳትወጡ አውርዱት፤ ጂፒኤስ ስልኩ በአውሮፕላን ሞድ ላይ ሆኖም ይሠራል። ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ አድርጉት ማለታችን በምክንያት ነው፦ የመርከቧን የሞባይል አንቴና ከያዘ ሂሳቡ ያስደነግጣል።

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ከሄዳችሁ ደሴቶቹ ስትደርሱ ዓይናችሁን ከውኃው አትንቀሉ፤ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ለመውለድ የሚመጡበት ወቅት ነው። መጀመሪያ የምታዩት እንደ ጭስ ሽቅብ የሚተፋውን ትንፋሽ ነው፤ ከዚያ ጥቁሩ ጀርባ ይገለበጣል።

ሰዓት፦ መርከብ የሚያመልጥበት ዋናው ምክንያት

ሃዋይ በበጋ ከካሊፎርኒያ በሦስት ሰዓት፣ በክረምት በሁለት ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በጋ ያልነው የፈረንጆቹን ነው። ስትሄዱ ሰዓቱ ማታ ማታ አንድ አንድ እየተባለ ወደኋላ ይመለሳል፤ እንቅልፍ ታተርፋላችሁ። ስትመለሱ ያንኑ ትከፍላላችሁ፣ ሰው የሚደክመውም ያኔ ነው። የስልክ ሰዓት በራሱ እንዳይለወጥ ዝጉትና በእጃችሁ ከመርከቧ ሰዓት ጋር አስተካክሉት፤ አለበለዚያ በአንዱ ቀን ስልኩ አንድ ይላችኋል፣ መርከቧ ሌላ።

ከእኛ አቆጣጠር የሚመጣው ስህተት ደግሞ አለ። መርከቧ በየቀኑ የምታድለው የፕሮግራም ወረቀት (ዕለታዊ ወረቀቱ) "ሁሉም ሰው 16:30 መርከብ ላይ" ካለ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ቤተሰብ ውስጥ አንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዱ በአሜሪካ አቆጣጠር የሚያስብ ከሆነ "በአሥር እንገናኝ" ብሎ መለያየት አደጋ አለው። ከወደቡ ስትወጡ የመመለሻውን ሰዓት በአንድ አቆጣጠር ጻፉና ሁሉም ፎቶ ያንሳው።

የወደቡን ቀን ማስላት

ሂሎን እንውሰድ። መርከቧ 08:00 ትደርሳለች፣ 17:00 ትነሳለች ተብሎ ሲጻፍ ዘጠኝ ሰዓት ያላችሁ ይመስላል። ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል። መመለሻው ከመነሻው 30 ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። ለመንገድ መዘጋት፣ ለመኪና መመለሻ ሰልፍ፣ ለፍተሻ አንድ ሰዓት ተኩል መጠባበቂያ አስቀምጡ። የቀረው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። የሃዋይ ቮልካኖስ ብሔራዊ ፓርክ ከሂሎ 48 ኪሎ ሜትር፣ በመኪና 45 ደቂቃ ነው። ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፓርኩ ውስጥ ሦስት ሰዓት፣ ምግብና መቆሚያ አንድ ሰዓት። የሚተርፈው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ፏፏቴ፣ ገበያ፣ ባሕር ዳርቻ የሚጨምር ሰው ሁሉንም በመስኮት አይቶ ይመለሳል። በአንድ ወደብ አንድ ነገር፤ ይህን ደንብ አጥብቃችሁ ያዙ።

የመርከቧን ጉብኝት ልግዛ ወይስ በራሴ ልሂድ ለሚለው፦ የመርከቧ ጉብኝት ውድ ነው፣ ቢዘገይ ግን መርከቧ ትጠብቀዋለች። በራሱ የሄደን አትጠብቅም። ሩቅ ቦታና አንድ መንገድ ብቻ ያለው ቦታ ከሆነ በመርከቧ፣ ከወደቡ ቅርብ ከሆነ በራሳችሁ። አራት ሰው ከሆናችሁ መኪና መከራየት ከአራት የጉብኝት ቲኬት በጣም ይረክሳል፤ በሂሎ፣ በናዊሊዊሊ (ካዋይ) እና በካሁሉዪ (ማዊ) የኪራይ ቢሮዎቹ ያሉት ከወደቡ ጥቂት ደቂቃ በሚርቁት አየር ማረፊያዎች ነው። ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ብቻ ያዙ። ካፒቴኑ በነፋስ ምክንያት ወደቡን ቢዘለው ኩባንያው የወደቡን ግብር ይመልሳል፣ በግላችሁ የከፈላችሁትን ግን ማንም አይመልስላችሁም።

የወደቡ ወኪል (በወደቡ ላይ የመርከቧን ኩባንያ የሚወክለው ሰው) ስልክ በዕለታዊ ወረቀቱ ላይ ይገኛል፤ ፎቶ አንሱት። መርከብ ካመለጣችሁ መጀመሪያ የምትደውሉት ለእሱ ነው፤ ቀጣዩ ወደብ ሌላ የሃዋይ ደሴት ከሆነ በአውሮፕላን ትደርሱባታላችሁ።

በየወደቡ

ሂሎ ዝናባማ ናት፤ ስስ የዝናብ ልብስ ያዙ። ወደቡ የጭነት ስለሆነ በእግር አይወጣም፣ በአውቶቡስ ነው። በፓርኩ ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ኪላዌያ ጋ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ መግቢያው ለመኪና 30 ዶላር፣ በካርድ የሚከፈል። ጭሱ አስም ላለበት ሰው ከባድ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከከተማው አጠገብ ያለው ሬይንቦ ፏፏቴ ይሻላል፤ በነጻ ነው።

ሆኖሉሉ ላይ ፐርል ሃርበርን የምታዩ ከሆነ ወደ ጦር መርከቧ ዩኤስኤስ አሪዞና መታሰቢያ የሚያደርሰው ጀልባ ቲኬት በሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ (recreation.gov) ድረ ገጽ ስምንት ሳምንት ቀድሞ፣ በሃዋይ ሰዓት 15:00 ላይ ይለቀቃል፤ ክፍያው አንድ ዶላር ነው። ያመለጠው ከአንድ ቀን በፊት የሚለቀቀውን ይሞክር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ከአሪዞና ጋር የሞቱት 1,177 ናቸው፤ ቦታው መቃብር ስለሆነ ዝምታ ይጠበቃል። ቦርሳ ይዞ መግባት አይቻልም፤ የሴት የእጅ ቦርሳም ጭምር። ስልክና የኪስ ቦርሳ በእጅ ይዛችሁ ሂዱ።

ማዊ ላይ ወደ ሃሌያካላ አናት መውጣት ይቻላል፤ 3,055 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦ አናት ትንሽ ዝቅ ይላል። ለዓመታት ዝቅተኛ ቦታ የኖረ ሐበሻ ግን "የደጋ ልጅ ነኝ" ብሎ አይሩጥ፤ ራስ ምታቱ ይይዘዋል። ከካሁሉዪ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የሃና መንገድ ወደ 620 መታጠፊያና 59 ድልድይ አለው፣ አብዛኛው ድልድይ መኪና በተራ የሚያልፍበት፤ በአንድ የወደብ ቀን አትሞክሩት። ላሃይና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በእሳት ወድማለች፤ ሐዘን ያለበት ቦታ ነውና ለፎቶ ብላችሁ በፍርስራሽ መካከል አትዙሩ።

ካዋይ ላይ ከናዊሊዊሊ ወደብ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ካላፓኪ የባሕር ዳርቻ ትደርሳላችሁ። ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ከዚህ የተሻለ ቀን በጉዞው ውስጥ የለም። ዋይሜያ ካንየንን ማየት ለሚፈልግ መኪና ያስፈልጋል፣ ጠዋት ቢሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ይሸፍነዋል።

ካይሉዋ ኮና ላይ መርከቧ ዳር አትቆምም፤ መልህቋን ጥላ ሰዎችን በትንንሽ ጀልባ ታወርዳለች። ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ የመርከቧን ጉብኝት የገዙት ይቀድማሉ። ከመርከብ ወደ ጀልባ ስትሻገሩ ጀልባው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱም እጆቻችሁ ነጻ ይሁኑ፣ ቦርሳው ጀርባ ላይ። መርከበኛው ክንዳችሁን ይይዛል፤ ጀልባው ከፍ ብሎ እኩል ሲሆን "አሁን" ይላችኋል፣ ያኔ ሳታመነቱ አንድ እርምጃ ብቻ። አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ አድርጎ መቆም ነው ሰው የሚጥለው። ጉልበታቸው የማይታዘዛቸው እናቶች ማዕበሉ ከበዛ ቢቀሩ ይሻላል። የመጨረሻው ጀልባ ሰዓትም ከመርከቧ መነሻ ይቀድማል፤ ለብቻው ጻፉት።

ኮና የቡና አገር ናት፤ ተክሉ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው። ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። "የኮና ቅልቅል" የሚለው ብዙ ጊዜ የኮና ቡና 10 በመቶ ብቻ ነው፤ "100 በመቶ ኮና" የሚለውን ፈልጉ፣ ዋጋውም ያንን ያህል ይወደዳል። የተቆላውን ወደ ካሊፎርኒያ ማምጣት ይቻላል።

በሁሉም ደሴት ላይ፦ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለበት የፀሐይ ክሬም እዚያ አይሸጥም፤ ኮራሉን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ተከልክሏል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ያዙ። ከባሕር ኤሊ 3 ሜትር፣ ሞንክ ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ 15 ሜትር ራቁ። ከመርከብ ቡፌ ፍራፍሬ ይዞ መውረድም ክልክል ነው፤ ልጆች ቦርሳ ውስጥ የምትረሳ አንዲት ሙዝ ታስቀጣለች።

መመለሻው

ከሃዋይ ከወጣችሁ በኋላ ያሉት አራት አምስት ቀናት ሰዓት የሚቀንስባቸው፣ ማዕበልም የሚበረታባቸው ናቸው። ልብስ ማጠቢያው ሰው የሚበዛበትም ያኔ ነው፤ የራስ አገልግሎት ማጠቢያ ያላት መርከብ ከሆነች በምሳ ሰዓት ሂዱ። ከኤንሴናዳ በፊት ሂሳባችሁን ከእንግዳ መቀበያው አስወጥታችሁ መስመር በመስመር እዩ፤ ያልጠጣችሁት መጠጥ ተጽፎ ከሆነ በመጨረሻው ጠዋት ሰልፉ ረጅም ስለሆነ የሚሰማችሁ አይኖርም። በመጨረሻው ማታ ትልቁ ሻንጣ ደጅ ይወጣል፤ የነገውን ልብስ፣ ጫማ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት ለይታችሁ አስቀሩ። የመልስ በረራችሁም ከቀትር በፊት አይሁን፤ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ፍተሻው ሳያልቅ ማንም አይወርድም።